የአርባ ሦስት ቤት ስልክ

ሰውአገኝን ሞቶ ያገኘችው ልብስ ሰፊዋ አባይነሽ ናት። ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ የጎረቤቷ የስልክ መጠገኛ በር ገርበብ ብሎ አየች። ገፋ አድርጋ «ዛሬስ ከእኔ ቀደምህ» አለች። መልስ አላገኘችም። ሰውአገኝ ከበርጩማው አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል፤ ከቀኝ ጆሮው ኋላ የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል።

ኢንስፔክተር ፀደይ ቁስቋም ሰፈር ስትደርስ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለመልቀቅ አልቸኮለም።

«አሁን መጣችሁ?» አላት አንድ ሽማግሌ።

በጎኑ አለፈችው። እጆቿን ኪሷ ከትታ መግቢያው ላይ ቆመች። ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ ማየት ልማዷ ነው። ስልክ ሲፈታ ማሰሪያ የሚሆነው ከባድ ብረት መሬት ላይ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። መደርደሪያው ላይ ስልኮች ተሰልፈዋል። ቆጠረቻቸው፤ ሃያ ሰባት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በክር ታስሯል። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማሮች ቀርተዋል፤ በመካከላቸው አቧራ ያልነካው መዳፍ የሚያህል ቦታ አለ። ከሥሩ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ዋይፋይ የሚለቀው ሳጥን» አለች አባይነሽ ከደጅ።

ሳጅን ልዑልቃል ወደ መደርደሪያው ተመለከተ። «ሃያ ሰባት ስልክ ትቶ አንድ ሳጥን የሚወስድ ሌባ አላየሁም።»

«ሳጥኑ ምን ያውቃል?»

«ዋይፋዩን የተጠቀመውን ስልክ ሁሉ ይመዘግባል። አንዴ የተገናኘ ስልክ ደግሞ ባለቤቱ ባያዘውም ተመልሶ ሲመጣ ራሱ ይገናኛል።»

«ታዲያ ሌባ አይደለም» አለች ፀደይ። «ስልኩ የተመዘገበበት ሰው ነው።»

ሐኪሙ ሞቱን ትናንት ከአስራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ገመተው።

*

አባይነሽ እንባዋን በሜትሯ ጫፍ እየጠረገች ተናገረች። ፖሊስ ደስ እንደማይላት አልደበቀችም።

«ሌላ የጎደለ ነገር አለ?» አለቻት ፀደይ።

«ሰማያዊ ደብተሩ የለም። የተመለሱትን የሚጽፍበት።»

«ከየት የተመለሱትን?»

«አልሰማሽም? የመንግሥት ደመወዝተኛ ምን ቸገረው። ደጋ ግብዓት የሚባለው ድርጅት ካለፈው መጋቢት ወዲህ በድረ ገጹ ላልተመዘገበ ገበሬ ማዳበሪያ አልሰጥም ብሏል። ድረ ገጹ ደግሞ ሁሉንም ስልክ አያስገባም። መጀመሪያ ስልኩን ይመረምረዋል። ማን ሠራህ፣ የሠራህ ድርጅት ዋስ ይሆንሃል ወይ፣ ድረ ገጽ የምትከፍትበት ፕሮግራም ከምናውቃቸው ነው ወይ ይለዋል። ስልኩ አሮጌ ከሆነ፣ ወይ ውስጡ ተነክቶ ከሆነ፣ ‹መሣሪያዎ አልተረጋገጠም› ብሎ ይዘጋበታል። ሰውየው መታወቂያውን ቢዘረጋ፣ የመሬት ደብተሩን ቢያሳይ አያየውም።»

«ሰውአገኝ ምን ያደርግላቸው ነበር?»

«አታልሎ ማስገባት ይችል ነበር፤ እንቢ አለ። ‹ዛሬ በጓሮ ባስገባቸው ነገ አጥር ይጨምራሉ› ይላል። የተመለሰውን ሁሉ በስም፣ በቀን፣ በስልኩ ዓይነት ይጽፋል። ስድስት መቶ አስራ አንድ ደርሶ ነበር። ነገ ክልሉ በሚጠራው ስብሰባ ላይ ደብተሩን ሊያነብላቸው ነበር።» ሜትሯን በጣቷ ጠቀለለች። «ኢንተርኔት እንደ ገበያ መንገድ ነበር፣ ባለ ጫማውም ባዶ እግሩም ይሄድበታል ይለኝ ነበር። አሁን መንገዱ ላይ ቆመው ጫማህን አሳይ ይላሉ። ዛሬ ማዳበሪያ ነው፤ ነገ የፈተና ውጤት፣ ከነገ ወዲያ ጋዜጣ።»

«የሚጠላው ሰው አለ?»

«ፒያሳ አዲስ ስልክ የሚሸጠው ክንዱ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆሞ ‹ደብተሩን ካልሰጠኸኝ ሱቅህን አዘጋዋለሁ› ብሎታል።»

«ትናንትስ ማን መጣ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኮሶዬ አንድ ሽማግሌ ድንች ተሸክመው መጥተው ነበር። አያ አምባቸው ይላቸዋል። እኔ አስራ አንድ ሲሆን ዘግቼ ሄድኩ።»

*

ክንዱ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ የስልክ መስታወት ይጠርግ ነበር። ቀና ሳይል «ልትገዢ ነው ወይስ ልትጠይቂ?» አለ።

«ሰውአገኝ ላይ ዝተህበታል።»

«ዝቻለሁ። በየሄደበትም ሰድቤዋለሁ። አንድ ሰው ስድስት መቶ ገዢ በደብተር ይዞ ‹አትግዙ፣ ስልካችሁ ጤነኛ ነው› እያለ ይሰብካል። አንቺ ብትሆኚ ትስሚው ነበር?»

«ደብተሩ የት ነው?»

«ባገኘውማ አሁን እየደወልኩ እሸጥ ነበር።»

«ትናንት ማታ ግድም የት ነበርክ?»

«ጠዳ። የሚስቴ አክስት ሞታ ድንኳን ተተክሏል። ከስምንት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ባቄላ እየቆረጠምኩ ስለ ሟቿ ደግነት ሰምቻለሁ። ደግ አልነበረችም።»

ልዑልቃል ጠዳ ደርሶ ተመለሰ። ድንኳኑም አለ፣ ክንዱን ያዩትም ከሃያ ይበልጣሉ።

«ባቄላውስ?» አለች ፀደይ።

«ለእኔም ሰጡኝ።»

*

የደጋ ግብዓት ቢሮ አዲስ ፎቅ ላይ ነው። የድረ ገጹ ኃላፊ አንዱዓለም ይባላል፤ ወጣት፣ ንጹሕ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እስክሪብቶ እንኳ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ። ፀደይ እንዲህ ያለ ሰው ትወዳለች፤ እሷም እንዲሁ ናትና።

«ጠዋት ከፖሊስ ጣቢያ ኮምፒውተር ድረ ገጻችሁን ልከፍት ሞክሬ ነበር» አለችው። «መለሰኝ።»

«ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ለእናንተው ደኅንነት ነው። በሐሰት ስም የሚመዘገብ በዛብን። አሁን የተረጋገጠ መሣሪያ ብቻ ይገባል፤ ሰው ይዋሻል፣ መሣሪያ አይዋሽም።»

ግድግዳው ላይ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ተለጥፏል። ከመስመሮቹ አንዱ «የተመለሰ ገበሬ፦ ዜሮ» ይላል።

«ዜሮ?»

«ያልተረጋገጠ መሣሪያ ጠያቂ አይባልም። ደጁን አልረገጠም ማለት ነው። ስለዚህ አልተመለሰም።»

ፀደይ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሰውአገኝን ታውቀዋለህ?»

«በስም። ሱቁን አይቼው አላውቅም። ግን የሚረዳችሁ ነገር አለኝ።» መዝገቡን አትሞ ዘረጋላት። «ከሱቁ መስመር የገባውን ሁሉ ይኸው። ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ የተረጋገጠ ስልክ እዚያው ሆኖ ድረ ገጹን ከፍቷል። የተመዘገበው በአምባቸው ስም ነው፤ ኮሶዬ። የስልኩን የቀድሞ ታሪክም ጨምሬበታለሁ።»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማንም ሳይጠይቀው መልስ ያዘጋጀ ሰው ቅር ያሰኛታል፤ ቅር መሰኘት ግን ማስረጃ አይሆንም። አምባቸው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተይዘው መጡ።

*

ሽማግሌው የምርመራ ክፍሉን ወንበር ፈትሸው ተቀመጡ።

«አያ አምባቸው፣ ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ የት ነበሩ?»

«በአስር ሰዓት መኪና ተሳፍሬ ኮሶዬ ወረድሁ። ከዚያ በእግሬ ወደ ቤቴ። ጉም ነበር፤ ማንም አላየኝ፣ ማንንም አላየሁ።»

«ስልክዎ ግን ሰውአገኝ ሱቅ ነበር።»

«እኔ ስልክ የለኝም፣ ልጄ።»

«በስምዎ የተመዘገበ አለ።»

«በስሜ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። አርባ ሦስት ቤት አዋጥቶ የገዛው ነው። ያንን ድረ ገጽ የሚከፍትልን እሱ ብቻ ነው። አስራ ዘጠኝ ቤት ተመዝግቧል፣ ሃያ አራቱ ቀርቷል። ከነገ ወዲያ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔም ወደ ሰውአገኝ የመጣሁት ነገ ወጥቶ እንዲመዘግብልን ልለምነው ነው። ሸጋ ልጅ ነበር።»

«ስልኩ አሁን የት ነው ያለው?»

«ብነግርሽ ትወስጅዋለሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «እወስደዋለሁ። ኤግዚቢት ነው።»

«መቼ ትመልሽዋለሽ?»

«ፍርድ ቤት ሲጨርስ።»

«እንግዲያ የት እንዳለ አላውቅም።»

ልዑልቃል ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። «ሰው ተገድሏል እኮ፣ አያ። በዚህ ዕድሜዎ እስር ቤት አማረዎት?»

«እኔ አንድ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ፀደይ ወረቀቱን ዘርግታ ብቻዋን ቀረች። መስመሮቹን አንድ በአንድ አየች። እያንዳንዱ ጉብኝት ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ድረ ገጹ ስልኩን ሲጠይቅ፣ ሌላው ስልኩ ሲመልስ። በመቶ የሚቆጠሩት ሁሉ ጥንድ ናቸው። የአስራ አንድ ሰዓት ከአርባው ብቻ፣ ጥያቄ ሳይኖር መልስ ሆኖ፣ ነጠላውን ቆሟል።

ሌላም ነገር አየች። የአምባቸው ስልክ ከዚህ በፊት የመዘገበው በሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት ሃያ ሁለት እስከ ሃያ አራት፣ ከሚያዝያ ሃያ ሁለት እስከ ሃያ አራት። ሁለቱም ጊዜ ከወሩ ሃያ አንድ ማግስት ይጀምራል። በሃያ አንድ ምን አለ ብላ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

*

በማግስቱ ኮሶዬ በጉም ተሸፍኖ ነበር። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያለው ታከለ ስለ ስልክ ስትጠይቀው አላውቅም አለ። ስለ አምባቸው ስትጠይቀው አላውቅም አለ። ስለ ራሱ ብትጠይቀው ኖሮም ያንኑ ይል ነበር።

«ሻዩ ሸጋ ነው» አለችው። «የማርያም ጽዋ በዚህ ወር ወደ ማን ቤት ወጣ?»

«ላይ ጎጥ፣ ወይዘሮ ጥሩ ቤት» አለ፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

መኪናው ላይ ጎጥ አይደርስም። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ወጡ፤ ልዑልቃል ከግማሽ መንገድ ጀምሮ ኔትወርክ ጠፋበት። ወይዘሮ ጥሩ ደጅ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች የመሬት ደብተራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ዩኒፎርሙን ሲያዩ የተነሣ የለም።

ጥሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው መበለት ናቸው። «ምነው ደከምሽ? መንገዱ ለሚያስር ሰው አይመችም» አሏት።

«እናቴ፣ ስልኩ ጽዋው ጋ ነው አይደለም?»

ጥሩ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ተመለከቱ። መደበቁ እንደማያዋጣ ሲያዩ ተናገሩ። ሦስት ጎጥ ናቸው። ስልኩ ሲገዛ ማን ይያዘው በሚል ተጣሉ፤ ወንድም ወንድሙን አላመነም። በመጨረሻ ከማኅበሩ ጽዋ ጋር ይዙር ተባለ። ጽዋው በሃያ አንድ ወደሚወጣበት ጎጥ ስልኩም ይሄዳል፤ የዚያ ጎጥ ሰው ይመዘገባል፤ ስልኩ ይጠፋና እስከሚቀጥለው ወር ሙዳይ ውስጥ ጽዋው አጠገብ ይቀመጣል። አምባቸው የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው፣ ስለሆኑ በስማቸው ተመዘገበ እንጂ ሁለት ቀን አልያዙትም።

«መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው?»

«ሚያዝያ ሃያ አራት፣ ታች ጎጥ። በሃያ አንድ ስንቀበል ጠፍቶ ነው። አሁን ኔትወርክ ወዳለበት ወርደን ልንከፍተው ነበር። ሰውአገኝ ባይኖርም ቅጹን መሙላቱን አስተምሮኛል።»

ፀደይ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አልከፈታችሁትም?»

«ገና ነው።»

ወር ሙሉ ጠፍቶ ሙዳይ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ቁስቋም ሆኖ ድረ ገጽ አይከፍትም። ስልኩ ራሱ መች እንደተከፈተ ውስጡ ይዟል፤ ባለሙያ ፈትቶ ያነበዋል። ዛሬ ከተከፈተ ግን ነገ ጠበቃ ተነሥቶ «ፖሊስ የነካካው ነው» ይላል፤ እውነትም ይሆናል። ይህን አስረዳቻቸው።

«እኛ የምንፈልገው አንድ ቀን ነው» አሉ ጥሩ። «ነገ ማታ ይዘጋል። ከዚያ ውሰጅው።»

«ከከፈታችሁት አያ አምባቸው ምስክር የላቸውም።»

ከተቀመጡት አንዱ «ማዳበሪያ ያላገኘ ገብስ ለልጅ አይደርስም» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ። ፀደይ ሃያውን ፊት አየች። ትእዛዝ የሌለበት ነገር ቢሆን ኖሮ ብላ ተመኘች። የኤግዚቢት መያዣ ፖስታውን ግን ከቦርሳዋ አወጣች።

ጥሩ ገብተው ስልኩን አመጡ። እጇ ላይ አላስቀመጡትም፤ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ አኖሩት።

«ሰውአገኝ ስለ እኛ ሞተ። አንቺ ስለ ማን መጣሽ?»

«ስለ አያ አምባቸው።»

«እሳቸውን ጠይቀሻቸዋል?»

*

ግንቦት ሃያ አምስት ጠዋት አንዱዓለም ወደ ጣቢያው ሲጠራ ሌላ የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። ፀደይ አልተቀበለችውም።

«አምባቸው ስልኩን ይዘው ነበር ብለሃል።»

«መዝገቡ ነው ያለው። ስልኩ በባለቤቱ ኪስ ነው የሚኖረው፤ ሌላ የት ይኖራል?»

«ሙዳይ ውስጥ። ወር ሙሉ ጠፍቶ፣ ኔትወርክ በሌለበት ተራራ ላይ፣ ከማርያም ጽዋ አጠገብ።»

ፈገግታው ሳይጠፋ ደረቀ። «ስሕተት ሊኖር ይችላል።»

«መሣሪያ አይዋሽም ያልከኝ አንተ ነህ። እኔም አምናለሁ፤ የዋሸው ሰው ነው። መዝገብህ ውስጥ መስመር ሁሉ ጥንድ ነው፤ የአስራ አንድ ሰዓት ከአርባው ብቻ ጥንድ የለውም። በእጅ ስለተጻፈ ነው። እሱን መጻፍ የሚችል ስንት ሰው አለ?»

አንዱዓለም የያዘውን ወረቀት አጠፈው።

ልዑልቃል ከቴሌ የመጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከአስራ አንድ ሰዓት ከአምስት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት የአንዱዓለም የግል ስልክ የተገናኘው ከቁስቋሙ የኔትወርክ ማማ ነው።

«ሱቁን አይቼው አላውቅም ብለሃል» አለች ፀደይ። «ሳጥኑን ያነሣኸው ስልክህን ስለመዘገበ ነው። ክንዱ ደብተሩን ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ሽማግሌው ሳጥኑ ምን እንደሚያውቅ አያውቁም። ሁለቱንም የሚፈልግ አንድ ሰው ነው፤ ግድግዳው ላይ ዜሮ የለጠፈ።»

አንዱዓለም እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው አንሥቶ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠው። «ስድስት መቶ አስራ አንድ ስም ለስብሰባ ሊያነብ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እነዚህ ጠያቂዎች አይደሉም ብዬ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። ‹ዛሬ እንኳ አያ አምባቸው ከኮሶዬ ድንች ይዘውልኝ መጥተዋል። ዘመዶቼ ናቸው፣ አይተሃቸው ነው ዜሮ የምትላቸው?› አለኝ።» እዚያ ላይ ቆመ። «ከዚህ በኋላ ጠበቃዬ ሲመጣ።»

ደብተሩም ሳጥኑም አልተገኙም። ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ገልብጦ ገልብጦ፣ «ጉዳዩ የቆመው በስልኩ ነው፤ ማኅተሙ እንዳይነካ» አለ።

*

አያ አምባቸው አስር ሰዓት ላይ ከእስር ክፍሉ ወጡ። ፀደይ የመልቀቂያ ቅጹንና የጣት ቀለሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ገዳዩ ተይዟል። አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ያኑሩና ይሂዱ።»

«ስልኩስ?»

«ካዝና ውስጥ ነው።»

«ላይ ጎጥ ተመዘገበ?»

«አልተመዘገበም።»

ሽማግሌው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ሁለት ሰዓት አለ። ሃያ አራቱን ስም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የመሬት ደብተራቸውንም ቁጥር እንዲሁ። ከዚሁ አግዳሚ ላይ ሆነን እንጨርሰዋለን።»

«ከተከፈተ ገዳዩ ነጻ ሊወጣ ይችላል። ጥርጣሬው ተመልሶ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።»

«ይውደቅ። እኔን መልሺኝና እሱን ልቀቂው።»

ለደጋ ግብዓት ሥራ አስኪያጅ ደወለች። ማጣሪያውን ለሁለት ሰዓት እንዲያነሡት ለመነች፤ ፖሊስ ሆና ከገባች ወዲህ ለምና አታውቅም። «ማንሣት የሚችለው ባለሙያ እናንተ ጋ ታስሯል» አላት። ወደ እስር ክፍሉ ወርዳ አንዱዓለምን ጠየቀችው። ከግድግዳው ፊቱን ሳያዞር «የምትሰረዘው አንዲት መስመር ናት» አለ። «ጠበቃዬ ሲመጣ።»

ስትመለስ ሽማግሌው ጠረጴዛው ፊት እንደ ተቀመጡ ናቸው። የራሷን ስልክ አወጣች፤ ሦስት ዓመት የተጠቀመችበት ነው። የድረ ገጹን አድራሻ ጻፈች። መሣሪያዎ አልተረጋገጠም አላት። የልዑልቃልን ተቀበለች፤ ያንኑ አላት። በረኛውን ጠራች። የበረኛው ጥያቄውንም ሳይጨርስ ዘጋ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ አያ አምባቸው።

ካዝናው ከኋላዋ ነበር፤ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ። ሽማግሌው ካዝናውን እንጂ እሷን አላዩም። ቅጹን አንድ ጊዜ ገፋ አደረገችላቸው፤ አልነኩትም። ሦስቱም ሰዓቱ ሲሄድ እየሰሙ ተቀመጡ።

አስራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አያ አምባቸው ማንም ሳይጠይቃቸው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ።